የጨው ውሃ አኳሪየም ላላችሁ የዲኤምቪ ሰዎች፦ ይህን ልጅ እወቁልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የጨው ውሃ ዓሣ የምናረባ ሀበሾች ብዙ እንዳልሆንን አውቃለሁ። ቢሆንም ላለነው የሚጠቅም ሰው ስላገኘሁ ላመሰግነውም ልጠቁመውም ነው የምጽፈው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ስራው የጥርስ ሐኪም ቤቶችንና የምግብ ቤቶችን አኳሪየም ማጽዳትና መከታተል ነው፤ ቤት ድረስም ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ብሉ ታንጋችን ላይ ነው። ሰማያዊው፣ ጭራው ቢጫ የሆነው። ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ድንጋይ ላይም ራሱን ይፈትግ ጀመር። አንድ የዓሣ መሸጫ ሄጄ ስነግረው፣ ሻጩ ቪዲዮውን እንኳን ሳያይ ጠርሙስ አወጣልኝ። "ኮራሉንም ሽሪምፑንም አይነካም፣ እዚያው ገንዳው ውስጥ ጨምረው" አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጥቡ ጠፋ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ አለ። ከዚያ ብሶ ተመለሰ። ክላውንፊሽ የሚባሉት ሌሎቹ ዓሣዎቻችን ላይም ወጣ።

አንድ ወዳጄ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠኝ። ደወልኩ። መጀመሪያ ያለኝ፣ "ጋሼ፣ ሌላ መድኃኒት እንዳይጨምሩ። ቪዲዮ ይላኩልኝ" ነው። ከዚያ የጥያቄ መዓት። ይበላል ወይ? ከመብራት ይሸሻል ወይ? ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ቦታ ላይ ሄዶ ይቆማል ወይ? አተነፋፈሱ ፈጥኗል ወይ?

ለምን እንደጠየቀ የገባኝ ቤት መጥቶ ሲያስረዳኝ ነው። ቬልቬት የሚባል በሽታ አለ። መጀመሪያ የሚይዘው ስንጥቡን፣ ማለትም ዓሣው የሚተነፍስበትን ነው። ገላው ላይ የሚታየው እንደ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ ነው፤ አንዳንዴ ብናኙ ሳይታይ ዓሣው በቀናት ውስጥ ያልቃል። ኢክ የሚባለው የነጭ ነጥብ በሽታ ደግሞ ነጥቡ ተለቅ ያለ፣ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ነው፤ አካሄዱም ቀርፋፋ። ክላውንፊሽን አጥብቆ የሚይዝ ብሩክሊኔላ የሚባል ሌላም አለ። እሱ ገላውን በወፍራም ዝልግልግ ይሸፍነዋል፣ መዳብ ያለበት መድኃኒትም አያድነውም፤ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ነው የሚፈልገው። እንግዲህ ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ምን ዋጋ አለው?

መብራቱን አጠፋና በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራ አያቸው። ቀጥሎ ከታንጉ ገላ ላይ በስሱ ጠረገና መስታወት ላይ አድርጎ በያዛት ትንሽ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ጠቆር ያለ ክብ ነገር፣ ቀስ እያለ ይዞራል። "ኢክ ነው፤ ቬልቬት ቢሆን እንዲህ እየዞረ አያዩትም" አለ። ባለቤቴም መጥታ አየች። "ለዓሣ ይሄ ሁሉ?" ስትል የነበረችው እሷ ናት፣ ከዚያ በኋላ ግን ማይክሮስኮፑን አልለቀቀችም።

የጠርሙሱን ነገርም ያን ቀን ነው የፈታልኝ። የኢክ ተህዋስ ዓሣው ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ከጠገበ በኋላ ራሱ ይወርድና አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይባዛል፤ ከዚያ ልጆቹ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። ነጥቡ ጠፋ ማለት ተህዋሱ ወረደ ማለት እንጂ ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም። ሻጩ ባይሰጠኝም ኖሮ ያኔ ይጠፋ ነበር።

ሕክምናው መዳብ ነው። መዳብ ግን ኮራል፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ድንጋዩም ይመጠዋል። ስለዚህ ዓሣዎቹ በሙሉ፣ ነጥብ ያልታየበትም ጭምር፣ ወደ ሌላ ባዶ ገንዳ ወጡ። አሸዋ የለው፣ ድንጋይ የለው። ማሞቂያ፣ መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ፣ እና የስፖንጅ ማጣሪያ። ስፖንጁን ከራሱ ጤነኛ ገንዳ ነው ያመጣው፤ አሞኒያ የሚያጠፋው ባክቴሪያ ያደገበት ካልሆነ፣ ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ከበሽታው ቀድሞ ይጨርሳቸዋል።

መጠኑ ላይ ጥብቅ ነው። የተጠቀምንበት ዓይነት በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም ይፈልጋል። ወደ 0.5 ብቻ የሚበቃው ሌላ ዓይነት መዳብም ይሸጣል፤ የአንዱን ልክ ለሌላው መስጠት ዓሣ መግደል ነው። ታንግ መዳብ ብዙም ስለማይወድ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። በዲጂታል መለኪያ እየለካሁ ቁጥሩን ማታ ማታ እልክለት ነበር፤ አንድ ቀን ሳልልክ ብቀር ራሱ ይደውላል። አሞኒያ ያጠፋል የሚባለውን ፈሳሽ ከመዳብ ጋር እንዳልቀላቅልም አስጠንቅቆኛል፤ መርዝነቱን ያባብሰዋል።

ትልቁ ገንዳ ከነኮራሉ ያለ ዓሣ ቆየ። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች በብዛት የሚመክሩት 76 ቀን ነው፤ አሸዋው ላይ ያለው ተህዋስ ሁሉ ተፈልፍሎ፣ ዓሣ አጥቶ እስኪሞት። ባዶ ገንዳ እያዩ መቀመጥ ያስጠላል፣ አልዋሽም። አሁን ሁሉም ተመልሰዋል። ታንጉ አልጌ ሳቀርብለት ከእጄ ይነጥቃል።

እንከኑንም ልናገር። ቀጠሮ ላይ የሀበሻ ሰዓት አለበት፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። የእንስሳት ሐኪም አይደለም፣ ራሱም አይልም፤ ቁስል ወይም አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ነገር ካየ ዓሣ ወደሚያክም ሐኪም ይልካችኋል። መድኃኒት አይሸጥም፤ የሚያስከፍለው የመጣበትን ብቻ ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምትፈልጉት በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት መብራት ቀነስ አድርጋችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። የውሃውን ጨው፣ ሙቀትና አሞኒያ ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።