አንጸባራቂ ወይስ አብረቅራቂ?

ሁለቱን ቃላት እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን፤ እኔ ግን ልዩነታቸው ቢጠበቅ እመርጣለሁ።

«አንጸባራቂ» ብርሃንን ተቀብሎ የሚመልስ ገጽ ነው፦ መስታወት፣ የተወለወለ ጫማ፣ የረጋ ሐይቅ። ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ጨረሩ ሳይበተን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል፤ ምስል የሚታይበትም ለዚህ ነው። «ነጸብራቅ» የምንለውም ይኸው ተመላሽ ብርሃን ነው። ቃሉ ከዕቃ አልፎ ወደ ሐሳብ የገባው በዚህ ጠባዩ ይመስለኛል። ጽሑፍ የጸሐፊውን አቋም ያንጸባርቃል፤ ውሳኔ የሕዝብን ፍላጎት ያንጸባርቃል። መልሶ ያሳያል ማለታችን ነው። «አንጸባራቂ ድል» ስንል ግን መመለሱ ይቀርና ድምቀቱ ብቻ ይተርፋል። ይህን አጠቃቀም እወደዋለሁ፤ ምነው ለየጥቃቅኑ ድል ሁሉ ባንለጥፈው።

«አብረቅራቂ» ውስጥ እንቅስቃሴ አለ። ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሲሰሙት «መብረቅ»ን ያስታውሳል። ብዙ ትናንሽ ገጾች በየአቅጣጫው ብርሃን ሲወረውሩ፣ ለምሳሌ በቀሚስ ላይ የተሰፋ ፈርጥ ወይም ያው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው፣ የሚስማማው ይህ ቃል ነው። ምስል አይታይበትም፤ ዓይን ግን ይስባል። ወደ ሐሳብም አልተሻገረም፦ «አቋሙን ያብረቀርቃል» የሚል ሰው አልሰማሁም።