አክሪሊክ፣ ናይለን ወይስ ኮባልት ክሮም? የሚወልቅ ጥርስ ለሚያሠሩ

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ሄዶ ጥርስ የሚያሠራ ሰው ምልልሱን አስቀድሞ ያስላ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋው አጥንት እየመነመነ፣ ድዱም አብሮ እየጎደለ ይሄዳል። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ወራት ነው። ዛሬ ልክክ ያለው ጥርስ በዓመቱ ይላላል። ስለዚህ ሲላላ ወይም ሲሰበር የሚስተካከለውን መምረጥ ያዋጣል።

አክሪሊክ። ሮዝ ፕላስቲክ መደብ ላይ የተተከሉ ጥርሶች ናቸው። ላንቃ ላይ የሚያርፈው ክፍል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍር መጀመሪያ አፍ ሙሉ ያደርጋል፤ ምራቅም ያበዛል። በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። ትልቁ ጥቅሙ መጠገኑ ነው፦ ጥርሶቹ ከመደቡ ጋር ስለሚዋሃዱ የተሰነጠቀው ይያያዛል፣ ሌላ ጥርስ ቢነቀል ይጨመርበታል፣ ሲላላም ከውስጥ በኩል ይሞላል። ድክመቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከወደቀ መሰበሩ ነው።

ናይለን። ይተጣጠፋል፣ ቀለል ይላል፣ የብረት ማቀፊያ አይታይበትም፤ ሻጭ የሚያሞካሸውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ጥርሶቹ ከናይለኑ ጋር አይዋሃዱም፤ በቀዳዳ ተይዘው ነው የሚቆዩት። አንዱ ቢወልቅ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ መሙላቱም እንዲሁ። ገጹ እየሻከረ ሲሄድ ቡና ይይዛል። ሲታኘክበት ስለሚታጠፍ ጫናውን ድዱ ይሸከማል። የጎደለው አንድ ሁለት የፊት ጥርስ ከሆነ ደህና ነው። መንጋጋ ጥርሶች ከጎደሉ ግን አንመክረውም።

ኮባልት ክሮም። ብረቱ በጣም ስለሚሳሳ ላንቃ አይሞላም፣ በቀላሉ አይሰበርም፤ የሙቀትና የቅዝቃዜ ስሜትም አያጠፋም። ጫናውን ከፊሉን በቀሩት ጥርሶች ላይ በሚያርፉ ትንንሽ ድጋፎች ስለሚያካፍል ድድን ያሳርፋል። ነገር ግን የሚደገፍባቸው ጤነኛ ጥርሶች ያስፈልጋሉ። የሚነቃነቅ ጥርስ ላይ ከታሰረ ያ ጥርስ ሲነቀል ወጪው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ጥርሶችዎ ጠንካሮች ከሆኑና አቅሙ ካለ ከሦስቱ ይሄ ይበልጣል።

ጥርስ ጨርሶ ለሌለው ሰው ምርጫው አክሪሊክ ነው። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በመመጠጥ ይያዛል። የታችኛው ግን የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባብ ነገር ስለሆነ ምላስ ያነሣዋል። «የታቹም እንደ ላዩ ይጣበቃል» የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

ሙሉ ጥርስ በደንብ ከተሠራ አራት አምስት ምልልስ አለው፦ ልክ መውሰድ (ብዙ ጊዜ ሁለቴ)፣ የንክሻ ልክ፣ የሰም ሙከራ፣ ርክክብ። መንገድ ለማሳጠር ብለው የሰም ሙከራውን አይዝለሉ። ጥርሶቹ በሰም ላይ ሳሉ አፍዎ ውስጥ ተደርገው «ስልሳ ስድስት» ይበሉ። ላይና ታቹ ከተጋጨ ጥርሱ ረዝሟል ማለት ነው። «ስ» ካፏጨ ወይም ወደ «ሽ» ከዞረ የፊት ጥርሶቹ አቀማመጥ ይታይ። ሰሙ ላይ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አክሪሊክ ከሆነ በኋላ ግን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ከመክፈልዎም በፊት ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ።

ከወሰዱ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቆሎውን ትተው በሶና ፍትፍት ይብሉ። ሥጋ አድቅቀው ይክተፉ፤ በሁለቱም ጎን እኩል ያኝኩ። በፊት ጥርስ መገነጣጠል የላይኛውን ከኋላ ያስነሣዋል። አንድ ቦታ ካቆሰለ በቢላ ወይም በሞረድ አይንኩት። ወደ ሐኪሙ ከመሄድዎ በፊት አንድ ቀን ያህል አድርገውት ይቆዩ፤ ምልክቱ ድዱ ላይ ካልታየ የሚፋቀው ቦታ አይታወቅም።

ሲያጥቡ ሳፋ ውስጥ ውሃ ያድርጉ ወይም ፎጣ ያንጥፉ፤ ካዳለጠዎት አይሰበርም። ለስላሳ ብሩሽና የእጅ ሳሙና ይበቃል። የጥርስ ሳሙና፣ አመድና ጨው ይፈገፍጉታል፤ በጭረቱ ውስጥ ሽታ ይቀመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ የፈላ ውሃ ያስመኛል፤ ግን አክሪሊኩን ያጣምመዋል። በረኪና ሮዙን ያነጣዋል፣ ኮባልት ክሮሙን ይበላዋል። «ተህዋሲ ይገድላል» ተብሎ አረቄ ውስጥ መዘፍዘፍም አክሪሊኩን በጥቃቅኑ ያሰነጣጥቀዋል።

ማታ አውልቀው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ሸዋ ሮቢት በመሰለ ቆላ መስኮት ላይ ደረቁን ከተተወ ቅርጹ ይለወጣል። ሳያወልቁ የሚያድሩ ሰዎች ላንቃቸው በፈንገስ ሊቀላ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው አያውቁትም። ከተሰበረ ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስበው ይውሰዱ፤ በሱፐር ግሉ አያጣብቁት፣ ትንሽ ከተዛነፈ በኋላ ልኩ አይመለስም። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ጥርሱን ሳይሆን አፍዎን ያስመርምሩ።