ጆሮ የሚወጋ ትሬብል፦ ዲቲ 990 ፕሮ፣ ኤችዲ 560ኤስ ወይስ ኤችዲ 650?

ሐዋሳ ውስጥ ጀርባው ክፍት የሆነ ደህና ሄድፎን ሱቅ ገብቶ፣ ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ሰምቶ መግዛት ከባድ ነው። አብዛኛው ሰው ከአዲስ አበባ ያስመጣል ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ይላል። ዕቃው ደርሶ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ጆሮ ቢወጋ ታዲያ ለማን ይመለሳል? ማወዳደሩ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

ስማቸው ቶሎ ቶሎ ከሚነሳው ሦስቱን እንያቸው።

የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) ትሬብሉም ከፍ ያለ ነው፤ መሃሉ ገባ ይላል። ችግሩ ያለው ከ8 እስከ 9 ኪሎኸርትዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ድምፁ ጉብ ይላል። በአማርኛ ዘፈን ወዲያው ይታወቃል፤ ዘፋኙ «ጸ»፣ «ሰ» ወይም «ጨ» ባለ ቁጥር ፉጨት ይከተላል። መዝሙር ላይ ጽናጽሉ ከከበሮው ይቀድማል። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ከሆነ ደግሞ የካሴቱ ሽሽታ ፊት ለፊት ይመጣል። በሌላ በኩል ጌም ለሚጫወትና የተቀዳ ድምፅ ለሚያርም ሰው ይሄው ስለት ጥቅም አለው፤ ትንሿም ነገር አታመልጥም። ባለ 250 ኦሙ በስልክ ብቻ በቂ ድምፅ አይሰጥም፤ ኦም ሲበዛ ሄድፎኑ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ማጫወቻ ይፈልጋል። ገመዱም አይነቀልም፤ ከተበጠሰ ብየዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ መካከለኛው ነው። ትሬብሉ አለ፣ ጥርት ያለም ነው፤ ግን እንደ 990ው አይወጋም። ቤዙ ልከኛ ነው፣ ደረት የሚመታ አትጠብቁ። 120 ኦም ስለሆነ ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል (በስልኩና በሄድፎኑ መካከል የሚሰካ መሣሪያ) ይበቃዋል። ገመዱ ይነቀላል።

የዚሁ የሴንሃይዘር ኤችዲ 650 እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ትሬብሉ ከሦስቱ ሁሉ ለስላሳው እሱ ነው። የሰው ድምፅ ላይ የሚስተካከለው የለም ብዬ አምናለሁ። «ደብዛዛ ነው» የሚሉም አሉ፤ ከ990 ቀጥሎ ለሚሰማው እውነትም እንደዚያ ሊመስለው ይችላል። ዋጋው ግን ከሦስቱ ከፍተኛው ነው። 300 ኦም ስለሆነ አምፕ (ለሄድፎኑ ኃይል የሚጨምር መሣሪያ) ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አምፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ እኔ ብሆን ከስልኩ ኃይል የሚወስድ ጠንካራ ዶንግል እመርጣለሁ።

ዶንግልም አምፕም አልፈልግም ለሚል ኤችዲ 599 አለ። 50 ኦም ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ ትሬብሉም ጨዋ ነው።

ሞዴሉ ምንም ይሁን አንድ የሰፈር ጉዳይ አለ። ጀርባው ክፍት ሄድፎን የውጭውን ድምፅ ያስገባል። ባጃጅ በማያርፍበት መንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ የሞተሩ ጉርምርምታ የዘፈኑን ቤዝ ይሸፍነዋል፤ የሚቀረው ትሬብሉ ነው። ከዚያ ድምፅ ትጨምራላችሁ፣ ስለቱም ይብሳል። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ 990ን አልመክርም።

990ን ቀድሞ የገዛስ? ሌላ ከመግዛቱ በፊት ኢኳላይዘር (ከድምፁ የተመረጠውን ክፍል ብቻ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ፕሮግራም) ይሞክር። በዊንዶውስ «ኢኳላይዘር ኤፒኦ» ነፃ ነው፤ በአንድሮይድ «ፓወርአምፕ» አለ። 8.5 ኪሎኸርትዝ ላይ በ5 ዴሲቤል ቀንሱ፤ የስፋቱን ቁጥር («Q» የሚለውን) 3 አካባቢ አድርጉ። የጆሮ ቅርጽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የእናንተ ጉብታ ትንሽ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊሆን ይችላል። ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርትዝ ቀስ እያለ የሚቀጥን የመሞከሪያ ድምፅ ጩኸቱን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፤ ድንገት የሚጮኸው ቦታ እሱ ነው። ትሬብሉን በሙሉ መቀነስ ግን አንድ ጥርስ ታመመ ብሎ ሁሉንም እንደ መንቀል ነው፤ የክራሩም የማሲንቆውም ሕይወት አብሮ ይሄዳል።

የኢኳላይዘር ጉድለቱ ማስተካከያው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ መቅረቱ ነው። ሄድፎኑን ቴሌቪዥን ላይ ስትሰኩት ፉጨቱ ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ የሶፍት ዘዴ አለ፦ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ አውጥታችሁ ድምፅ ማውጫው ላይ አንድ ስስ ሶፍት አንጥፉ፣ ስፖንጁን መልሱ። ትሬብሉ በመጠኑ ይለዝባል፣ የትም ብትሰኩት አብሯችሁ ይሄዳል። ልኩን ግን እንደ ኢኳላይዘር መምረጥ አትችሉም።

የከፋይ ስፖንጁን በቆዳ መቀየር ቁማር ነው። ቤዝ ሊጨምር ይችላል፣ ትሬብሉም ሊብስ ይችላል። የሐዋሳ ሙቀት ላይ ደግሞ ቆዳ ያልባል።

«ቀንና ሌሊት አጫውተው፣ ሲሟሽ ይለሰልሳል» የሚሉ ሻጮች አሉ። በአብዛኛው የሚለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው፤ ይለምደዋል። ትንሽ መላመድ ችግር የለውም። ካደመጣችሁ በኋላ ጆሯችሁ የሚጮህ ወይም የሚደክም ከሆነ ግን መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ መላመዱን አትጠብቁ።

ስለዚህ ዘፈንና መዝሙር ለሚያበዛ፣ ለአምፕም ገንዘብ ላለው፣ 650። ገንዘቡ ካልደረሰ 560ኤስ፤ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠውም እሱን ነው። 990 ኢኳላይዘር መነካካት ለማይሰለቸውና ሁልጊዜ ከአንድ ኮምፒውተር ለሚያዳምጥ ይሁን። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት የስፖንጁን ፎቶ ከጎን አስልኩ። ስፖንጅ ሲጠፈጠፍ ጆሮ ወደ ድምፅ ማውጫው ይጠጋል፣ ድምፁም ይቀየራል። ከተጠፈጠፈ አዲስ ስፖንጅ አብሮ እንዲመጣ እዘዙ።