ድሬዎች፣ ለልጆቻችሁ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ

ሰላም ድሬዎች። ሳቢያን አካባቢ ቤት ለቤት እየሄደች ትንንሽ ልጆችን ሒሳብ የምታስጠና ልጅ አለች፣ በጣም ላመሰግናት ስለፈለኩ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ልጄ ሶስተኛ ክፍል ናት። የማባዣ ሰንጠረዡን እንደ መዝሙር ታወርደዋለች፣ ግን መሀል ላይ 7 ሲባዛ በ6 ስንት ነው ካላችኋት ከ7 ሲባዛ በ1 ካልጀመረች አይመጣላትም፣ ከዛ ለቅሶ ነው። እኔም እጮህባት ነበር፣ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ይቺ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ደብተር እንኳን አላስወጣቻትም። አንድ ፌስታል የለስላሳ ቆርኪ ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ ዘረገፈችውና 3 ረድፍ አሰራቻት፣ በየረድፉ 4 4 ቆርኪ። ከዛ በጎን በኩል ዞራ እንድታየው አደረገቻትና አሁንስ ስንት ረድፍ ነው ስትላት "4 ረድፍ፣ 3 3" አለች፣ ቆርኪው ግን አልተነካም፣ ያው 12 ነው። 7 ሲባዛ በ6 ሲደርሱ ከአምስተኛው ረድፍ ስር ክር ዘረጋችበት፣ ከላይ 5 ረድፍ 6 6 አንድ ትሪ እንቁላል ማለት ነው 30፣ ከታች 2 ረድፍ 12፣ በቃ 42። ልጄ ከዛ ወዲህ ስትረሳ አታለቅስም፣ በሀሳቧ ክሩን ትዘረጋለች።

ማካፈልንም ለብቻው አላደረገችባትም፣ እነዛኑ ቆርኪዎች ናቸው። 26 ቆርኪ 6 6 ደርድሪ አለቻት፣ 4 ረድፍ ሞላና 2 ተረፈ፣ "ቀሪ" የሚሉት ነገር ይሄ ነው አለቻት።

ደስ ያለኝ ግን አንድ ማታ ልጄ ብቻዋን ቁጭ ብላ ስትደረድር 13 ቆርኪ ከአንድ ረድፍ በላይ እኩል አልሆን ብሏት "ማሚ 13 እምቢ አለ!" እያለች መጣች። አስጠኚዋ ይሄን ስትሰማ መልሱን አልነገረቻትም፣ ሌሎች እምቢ የሚሉ ፈልጊ አለቻትና 7ን፣ 11ን፣ 17ን ራሷ አገኘቻቸው።

ትናንት ደግሞ ሱቅ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን አይታ ማንም ሳይጠይቃት "4 በ6፣ 24" አለች። አቦ ይባርክሽ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ!

ልጅ በቁጣና በሽምደዳ ሒሳብ የሚወድ አይመስለኝም፣ አንዴ ሞክሯት። ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ፣ ቆርኪ ግን ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሩ።