ሎሚን የምታጣፍጠው «ዕፀ በለስ»፦ ክኒኗ ይሻላል ወይስ ጥሬዋ?

«የተከለከለችው ተአምረኛ ፍሬ» እየተባለች የምትሸጠው ቀይ ፍሬ ዝናዋ ከሥራዋ ቀድሞ ይጮኻል። ተረቱ ሲገለጥ ግን ውስጡ እባብም መርገምም የለም። ፍሬዋ የምዕራብ አፍሪካ ቁጥቋጦ የሚያፈራት፣ የቡና እሸት የምታክል ነገር ናት፤ ለብቻዋ ስትበላ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የላትም። ክልከላው የመጣው ከመዝገብ ቤት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ ምግብ ጭማሪ ቆጥሮ ፈቃድ ነፈጋት። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 የደረቀችውን ፍሬ ለአዋቂዎች ፈቅዷል፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን አልተካተቱም።

ሥራውን የሚሠራው ሚራኩሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ምላስ ላይ ጣፋጭን በሚለየው ተቀባይ ላይ ይጣበቅና አሲድ እስኪመጣ ዝም ይላል፤ ሎሚ ሲነካው ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ዳቦ ዳቦ፣ ሥጋም ሥጋ ሆኖ ይቀራል። «ገዝቼ ምንም አልሆነልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ የሞከሩት ጎምዛዛ ባልሆነ ምግብ ነው።

በገበያ ካሉት መልኮች የምንመርጠው በቅዝቃዜ ደርቆ የተፈጨውን ፍሬ የያዘውን ክኒን ነው። ጥሬዋ ፍሬ ጥሩ ብትሆንም ከተለቀመች በኋላ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ አትቆይም። በበረዶ የመጣች ከሆነች ቀልጣ ዳግም የረጋች አለመሆኗን ማየት ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ቀይ ጭማቂ በረዶ ሆኖ ከተጋገረ ይለፍዎት። ዱቄቱ ይሠራል፤ ችግሩ በምራቅ ቶሎ ተጠርጎ መዋጡ ነው። ማርማላታና የተቀቀለ ጭማቂ ግን ገንዘብ መጣያ ናቸው፤ ፕሮቲኑ እሳት አይችልም። ክኒን ሲገዙ የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ፦ የፍሬው ዱቄት ከፊት፣ ማያያዣው የበቆሎ ስታርች ከኋላ መሆን አለበት። ስኳር ወይም ሌላ ማጣፈጫ ከተጨመረበት የሚጣፍጥዎ የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። መጀመሪያ አፍን በለብታ ውሃ መጉመጥመጥ፤ ምላስ ላይ ቅባት ካለ ፕሮቲኑ በደንብ አይደርስም። ከዚያ ክኒኑን ሳያኝኩ ምላስ ላይ አስቀምጦ ከጫፍ እስከ ጎን፣ ከጎን እስከ ኋላ ቀስ እያሉ ማዞር፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጥሬዋ ከሆነች ሥጋዋን ከዘሯ እየላጡ በምላስ ማሸት፣ ዘሯን መትፋት። የዋጠው ሰው ምንም አያገኝም፤ ሥራው ምላስ ላይ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም። አንድ ቁራጭ ሎሚ ይምጠጡ፤ አሁንም ፊት የሚያስጨማድድ ከሆነ ወይ ክኒኑ እርጥበት አግኝቶታል ወይ ቸኩለዋል።

ከተሳካ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሎሚ፣ እንጆሪና ስኳር የሌለው እርጎ ግሩም ይሆናሉ። ኮምጣጤ የፖም ጭማቂ ይመስላል፤ ሽታው ግን ኮምጣጤ ነውና ሁሉም አይወደውም። ወይን ጠጅ ይበላሻል፣ ሽሮፕ ይሆናል። መራራ ነገር መራራነቱ አይለቅም።

አንድ እውነተኛ አደጋ አለ። ምላስ ቢታለልም ጥርስና ጨጓራ አይታለሉም፤ ሎሚው ያው ሎሚ ነው። ደርዘን ሎሚ እንደ ብርቱካን የጨረሰ ሰው ቃር ቢይዘው አይገርምም። በሁለት ሦስት ቁራጭ ይወሰኑ፣ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፣ ጥርስ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቃር ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ባይሞክረው ይሻላል። ለስኳር ሕመምተኛም ምግቡ ውስጥ ያለውን ስኳር አይቀንስም፤ የሚያተርፈው ሰውየው ሊጨምር የነበረውን ነው።

ክኒኖቹ አንድ በአንድ በታሸጉበት ይቆዩ፤ ወደ ብልቃጥ ገልብጦ ማስቀመጥ ቶሎ ያበላሻቸዋል።