ሰባት ቁጥሩን ልጅ ለማየት ብርዱን መቻል ያዋጣል?

ደብረ ብርሃን ለአንድ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለሚጫወተው ሰባት ቁጥር ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ነው የምሰጠው። ሲሆንለት ያየው ሰው «አምስት ካልሰጠህ» ብሎ ይጣላኛል። ሳይሆንለት በቀረ ቀን መጥቶ በብርድ ተቆራምዶ ወደ ቤቱ የገባው ደግሞ ሦስቱም በዛበት ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ የሄዱበት ቀን ነው የተለያየው።

የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላላችሁ ወይም ቅዳሜን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ለምትመጡ ነው። የልጁንም የኮሌጁንም ስም አልጠራም። ተማሪ ነው፣ ከኳሱ አምስት ሳንቲም አያገኝም፣ ስሙ በየሰው ስልክ እንዲዞር አልፈልግም። ሰባት ቁጥር ይለብሳል፣ ግራኝ ነው፣ ፖይንት ጋርድ ይጫወታል፣ ኳሷን ይዞ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው። የከተማውን ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሳቅ ብሏል።

ስለ ቦታው በአጭሩ። መግቢያው ነፃ ነው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፣ መቀመጫው የድንጋይ ደረጃ ስለሆነ ከሥር ያቀዘቅዛል፤ ካርቶን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ጋቢ ግዴታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ሰው ዓይኑ ጨዋታው ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። በሩ አጠገብ የጦስኝ ሻይ የሚሸጡ እናት አሉ። የቦታው ምርጥ አገልግሎት እሳቸው ናቸው። ሰዓት አይከበርም፤ ዘጠኝ ተኩል ከተባለ አስር ብላችሁ ሂዱ፣ ምንም አያመልጣችሁም።

ወደ ልጁ እንምጣ።

ሲሆንለት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ኳሷን ይዞ ከመሀል ሜዳ ሲመጣ አይቸኩልም። ተከላካዩ ፊቱ ሲደርስ አንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትከሻውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ሊወረውር ነው ብሎ ተከላካዩ ተረከዙን ከመሬት ባነሳባት ቅጽበት ሰባት ቁጥር በግራ በኩል አልፎት ሄዷል። ይህቺን አቋቋም ማንም አላስተማረውም ይባላል። አምናለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ አካባቢ ሌላ የሚያደርጋት ሰው አላየሁም። ወደ ቀለበቱ ሲገባ ደግሞ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ቀለበት ሥር የሚቆመው ረጅሙ ልጅ ኳሷ እጁ ላይ ስትደርስ ራሱ ይደነግጣል። ባለ ሦስት ነጥቡን ሲወረውር ክንዱ አየር ላይ ይቀራል፣ አይመልሰውም፣ እስክትገባ ይጠብቃታል። መረብ ያለው ቀለበት ላይ ከሆነ ያቺን «ሽው» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። የሌላኛው ቀለበት መረብ ከተቀደደ ቆይቷል፣ እዚያ ገብታለች አልገባችም የሚል ጭቅጭቅ አለ። አቦ አንድ መረብ ስንት ነው?

ሳይሆንለት ግን በቃ ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ከሳተ እጁን ማየት ይጀምራል። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ የከዳው ወዳጁ ይመስል ያፈጥበታል። እሱ እጁን ሲመረምር መያዝ የነበረበት ተጫዋች ሌላኛው ጫፍ ደርሶ ብቻውን ሌይአፕ፣ ቀለበቱ ሥር ተጠግቶ የሚያገባትን ቀላል ኳስ፣ ያገባል። አንድ ቀን ይህ ሲደጋገም ከኋላዬ የነበረ ልጅ «እጁ ላይ ቲክቶክ ከፍቷል እንዴ?» ብሎ ደረጃውን በሙሉ አሳቀው። ሳቅኩ፣ ግን አናደደኝም። የሳታት ኳስ ሦስት ነጥብ አስቀረችበት፣ እጁን ሲያይ ያለፈው ሰው ሌላ ሁለት ጨመረበት። ሁለተኛዋን ማስቀረት ይችል ነበር እኮ።

ቅጣት ምት ላይ ስሜቱን መደበቅ አይችልም። ሲረጋጋ ኳሷን ሦስት ጊዜ ያነጥራል፣ ይተነፍሳል፣ ይወረውራል። ሲናደድ አንዴ አንጥሮ ይለቃታል። መስመሩ ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ነው፣ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ላይ ተሰቅሏል፣ የሚከለክለው ሰው የለም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ምን አቻኮለው?

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚለው ልምጣ፤ «ወጥ አቋም የለውም።» እሺ፣ የለውም። ግን የቱ ነው ወጥ መሆን ያለበት? የሩቅ ውርወራ በባሕርዩ ይዋዥቃል። ከመቶ 35 የሚያገባ ተጫዋች እንውሰድ፣ ጥሩ ወርዋሪ ነው። በየጨዋታው ስድስት ስድስት ባለ ሦስት ይወርውር። ሂሳቡን ስትሠሩት ምንም ሳይሰንፍ፣ ምንም ሳይታመም፣ ከ13 ጨዋታ በአንዱ ገደማ ስድስቱንም ይስታል። ከስምንት ወይ ከዘጠኝ ጨዋታ በአንዱ ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ ያገባል። ያው ልጅ፣ ያው እጅ። ስድስቱን በሳተበት ቀን የገባ ተመልካች ቀሽም ነው ብሎ ይወጣል፣ አራቱን ባገባበት ቀን የገባው ኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ድረስ፣ ይልከዋል። ስለዚህ እኔ ገባችለት አልገባችለት የሚለውን ትቼዋለሁ። ኳሷ እምቢ ባለችበት ቀን ሌላ ምን ሠራ? የምፈርደው በዚህ ነው።

ማስረጃ ከሩቅ ላምጣ። አሜሪካዊውን ፖይንት ጋርድ ትሬይ ያንግን ኤንቢኤ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ። ኮሌጅ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ለኦክላሆማ፣ በ2017-18 የውድድር ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋቾች በነጥብም በአሲስትም (ጓደኛ ነጥብ ባገባበት ማቀበል) አንደኛ ወጣ፣ በአማካይ 27.4 ነጥብና 8.7 አሲስት። ሁለቱንም በአንድ ዓመት የመራ ከእሱ በፊት አልነበረም። ዲሴምበር ላይ ከኖርዝዌስተርን ስቴት ጋር ሲጫወቱ 22 አሲስት ሰጥቶ የአንድ ጨዋታ ሪከርዱን ተጋራ። ወር ሳይሞላ ከካንሳስ ስቴት ጋር ሲጫወቱ ደግሞ 12 ጊዜ ኳስ አበላሸ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። ያው ልጅ ነው ብያችኋለሁ።

ከዚያ ጃንዋሪ ላይ በሦስት ቀን ልዩነት የሆነውን እዩ። ከኦክላሆማ ስቴት ጋር (ከእሱ ኦክላሆማ የተለየ ኮሌጅ ነው) 39 ጊዜ ወርውሮ 14 አገባ፣ 48 ነጥብ አስቆጠረ፣ ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት 83 ለ 81 ተሸነፈ። ቀጥሎ ካንሳስ መጣ፣ ይህም ከካንሳስ ስቴት የተለየ ነው። ያኔ የወረወረው 9 ጊዜ ብቻ ነው፤ 7ቱን አገባ፣ በቅጣት ምት የጨመረውን ይዞ 26 ነጥብና 9 አሲስት፣ ኦክላሆማ 85 ለ 80 አሸነፈ። ሰው የሚያወራው ስለ 48ቱ ነው። እኔ የካንሳሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ያን ቀን የቀሩት አራት ልጆችም ተጫውተዋል። ዓመቱን 14 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ የጀመረ ቡድን በ18 ድልና በ14 ሽንፈት ጨረሰ፣ በብሔራዊው ውድድርም በመጀመሪያው ዙር በሮድ አይላንድ ተሸንፎ ወጣ። ልጁ ግን በዚያው ዓመት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት የኤንቢኤ ምርጫ 5ኛ ሆኖ ተወሰደ። ተሰጥኦውን ማንም አልካደም፤ ጥያቄው ቡድኑ ከተሰጥኦው ምን አገኘ የሚለው ነበር።

የእኛውን ልጅ ምርጥ ጨዋታ ንገረን ካላችሁኝ፣ ነጥብ ያላስቆጠረበት ነው ማለት ይቻላል። ኳሷ ጨርሶ አልገባ ብላው ነበር። ሦስተኛዋን ሲስት እጁን ሊያይ ሲል ከወንበሩ አካባቢ አንድ ሰው «ተመለስ!» ብሎ ጮኸ፣ ሮጠ፣ ደርሶም ከኋላ ኳሷን ነካት። ከዚያ በኋላ ምን እንደገባው አላውቅም፣ መወርወሩን ተወው። ያቺን ቀጥ ብሎ መቆም እያደረገ ተከላካዮቹን ይሰበስብና ለረጅሙ ልጅ ያቀብላል። ደጋግሞ። ረጅሙ ልጅ ያን ቀን የሰርገኛ ያህል ደስ ብሎት ነው የወጣው። አሸነፉ። ስንወጣ ግን ሰዉ ምን ሲል እንደሰማሁ ታውቃላችሁ? «ዛሬ ሰባት ቁጥር አልነበረም።» ኧረ ዛሬ ነው የነበረው! ለዚያች ቀን አምስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

ከጎኔ የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉ፣ ሰዉ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ሳይሆንለት በቀረ ቀን «ቲቸር፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«እጁን አትይ ልጄ» አሉኝ። «ኳሷ የፊተኛውን ብረት እየመታች ስትመለስ አላየህም? እግሩ ነው የደከመው። እጅ ምን ያርግ።»

ከዚያ ወዲህ እግሩን ነው የማየው፣ እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ሲስት ኳሷ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ በመጨረሻው ሩብ ሲስት ግን ታጥራለች። በተለይ ቆላ ሲወርዱ። እዚህ ደብረ ብርሃን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ግን እሱ ደጋ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ለመደው፤ የሚያለከልኩት እንግዶቹ ናቸው። ጣርማበርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። በሙቀቱ ያልበዋል፣ ውሃ መጠጣት አይወድም፣ በመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች ጉልበቱን ማጠፍ ይተዋል፣ በክንዱ ብቻ ይወረውራል። ይህ የሥነ ልቦና ጉዳይ አይደለም። ሩጫና ውሃ ነው።

ብርዱን በተመለከተ ግን ልጁ የሚያነሳው ሰበብ እውነትነት አለው። ቤት ውስጥ የተነፋች ኳስ ብርድ ላይ ስትወጣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ንጥሯም ይሞታል። በድሪብል፣ ኳስ እያነጠረ በመሄድ፣ ለሚኖር ተጫዋች ይህ ቀላል አይደለም። ኮሌጁ አንዲት ፓምፕ ሜዳው ላይ ቢያስቀምጥ ያልቃል። ፓምፕና መረብ። ሁለት ዕቃ ነው የጠየቅኩት።

አሰልጣኙን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ልጁ ሁለት ሲስት ይጠራዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንድ ቃል አይናገረውም። ጃኬቱን ደርቦ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ እግሩን ይዞ ተመልሶ ይገባል፣ ያለፈውን በአንዴ ሊያካክስ የመጀመሪያዋን ኳስ ከሩቅ ይለቃታል። ትስታለች እንጂ ምን ትሆናለች። ስለሳተ የሚያስቀምጡት ተጫዋች መሳት ይፈራል። ወደ ኋላ ሮጦ ስላልተመለሰ ቢያስቀምጠው ግን ልጁ የሚያስተካክለው ነገር ያውቅ ነበር፤ መሮጥ በእጁ ነው፣ ኳስ መግባቷ ግን በእጁ ብቻ አይደለም። ይህን ለአሰልጣኙ ፊት ለፊት ብናገረው «አንተ መቼ ተጫውተህ ታውቃለህ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይበለኝ።

እንግዲህ ሦስቱን ኮከብ እንዴት እንዳከፋፈልኩት ልንገራችሁና ልተዋችሁ። ለማቀበሉ ሙሉ አንድ፣ ለዚያች ቀጥ ብሎ ለመቆሟ አንድ፣ ለመከላከሉ ግማሽ፣ ለውርወራው ግማሽ። ከውርወራው ግማሹን የነፈግኩት ስለሚስት ሳይሆን ከመወርወሩ በፊት የቡድን አጋሩን ስለማያይ ነው። ከመከላከሉ የነፈግኩትን ግማሽ ታውቁታላችሁ። የቀረው አንድ ኮከብ የእግር ነው፣ በልምምድ የሚመጣ።

ጓደኛ ወይ ልጅ ይዛችሁ ለመዝናናት ከሆነ ሂዱ፣ አትቆጩም፣ በመጥፎ ቀኑም ቢሆን ያቺን አቋቋም አንድ ሁለቴ ያሳያችኋል። ከአዲስ አበባ ክለብ ተጫዋች ልትመለምሉ የምትመጡ ካላችሁ ግን እዚህ አንድ ቅዳሜ አይታችሁ አትፈርሙም አትተዉትም። ሸዋ ሮቢት ሲጫወቱ ውረዱና የመጨረሻውን ሩብ እዩት። ሲስት እጁን ይያል ወይስ ይሩጥ፣ ሲደክመው ይወርውር ወይስ ያቀብል፣ ያኔ ይታያችኋል። እዚያ ደግሞ ጋቢ አያስፈልግም፣ ውሃ ግን ያዙ፣ ለእሱም ጭምር።