ወላጆቻችሁን ካናዳን ልታሳዩ ላሰባችሁ፦ ለካልጋሪዋ እህታችን ምስጋናና ጥቆማ

በአልበርታ፣ ካልጋሪ ከተማ ለምትኖር፣ በሰመር ወራት ቤተሰቦችን በሚኒቫኗ እየያዘች ለምታስጎበኝ አንዲት እህታችን ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። እናንተም ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ ይህን ሰፊ አገር ልታሳዩአቸው የምታስቡ ወገኖቼ፣ ወደ ሌላ ሰው ከመደወላችሁ በፊት ለእርሷ እንድትደውሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ስለማትይዝ የሚበዛውን ጥሪ አትችለውም። ለሚጽፍልኝ ሁሉ ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ምስጋናዬ የበዛበት ምክንያት አለው፤ ከእርሷ በፊት የገጠመን ነገር ቅስም የሚሰብር ነበር። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው በነበሩበት ሰመር በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ወደ ሮኪ ተራሮች ወስደናቸው ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ማንንም ለመክሰስ አልተነሣሁምና። «ባንፍ አጠገብ ነው» የተባለው ሆቴል ካልጋሪ ጫፍ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በተራሮቹ መካከል እስካለችው እስከ ባንፍ ከተማ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በአሮጌው የካናዳ ሃያ ዶላር ጀርባ ላይ የታተመውን የሞሬይን ሐይቅ እናሳያችኋለን ብለው ገንዘባችንን ከተቀበሉ በኋላ፣ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ለግል መኪና ዝግ መሆኑን፣ የሚገቡትም የባንፍ ብሔራዊ ፓርክ አውቶቡሶችና ፈቃድ ያላቸው አጓጓዦች ብቻ መሆናቸውን የሰማነው ከመንገድ ጠባቂዎቹ ነው። ሾፌሩ ምንም ሳያፍር መኪናውን አዞረና «ሌላ ሐይቅ አለ፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው» አለን። አማቴ ደረጃ መውረድ አቅቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ እርሱ ስልኩን ይነካካ ነበር። ገንዘባችን እንዲመለስልን ብንጽፍ መልስ የሚሰጠን አጣን። ከዚያ በኋላ በሰው በሰው ያገኘነው ሌላ አስጎብኚ ደግሞ ቀብዱን ተቀብሎ ስልክ ማንሣት አቆመ። አማቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም አየሁ» አሉን። ያላዩትን አየሁ ያሉት እኛ እንዳናዝን ብለው ነው፤ ያ ቃላቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አባቴ ሊመጡ ሲሉ ደስታዬን ሥጋት ቀደመው። አባቴ በወሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መጽሐፍ ሳይገልጡ የሰሜን አሜሪካን ካርታ በጠመኔ ይሥሉ እንደነበር የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዛሬም ያወራሉ። እንዲህ ያለ ሰው አምጥቶ የገበያ አዳራሽ እያሳዩ መመለስ ነውር መሰለኝ። የካልጋሪዋን እህታችንን የጠቆመችኝ የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት ናት፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ብዙ ተስፋ ሳላደርግ ነው የደወልኩት።

እርሷ ግን ስለ ዋጋ ከማውራቷ በፊት ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ብርድ ይፈራሉ? የምትመጡት በፍልሰታ ስለሆነ ይጾማሉ ወይ? ከሰዓት በፊትስ እህል ይቀምሳሉ? ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «ወንድሜ፣ ከቶሮንቶ በአውሮፕላን አታምጣቸው፤ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው በደመና ላይ አልፎ ቢመጣ ካናዳን አየ አይባልም። ባቡር አስይዝላቸውና እኔ ኤድመንተን ላይ እቀበላችኋለሁ» አለችኝ። ከባቡሩ ትኬት የምታገኘው አንዳች ጥቅም እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።

ምክሯ ልክ ነበር። ከቶሮንቶ ቫንኩቨር የሚደርሰው የባቡር መስመር 4,466 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህም ውስጥ ኦንታሪዮን ለቅቆ ለመውጣት ብቻ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ጥድ፣ ዐለት፣ ሐይቅ፣ እንደገና ጥድ፣ ዐለት፣ ሐይቅ። አባቴ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ኦንታሪዮ ብቻዋን ኢትዮጵያን ልታክል ምንም አልቀራትም፤ አገሩ በሙሉ ደግሞ ዘጠኝ ኢትዮጵያ ይሆናል፤ ሰዉ ግን 40 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይህን ለተማሪ ነግሬ የሚያምነኝ አልነበረም» ይሉ ነበር። ከዊኒፔግ በኋላ ምድሩ ተዘረጋ፤ ዛፉ ጠፋ፤ በየርቀቱ ከሚታየው የእህል ጎተራ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። እኔ ለብዙ ዓመታት የኖርኩበትን አገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሐዲዱ የጭነት ባቡሮችን የሚያስኬድ ኩባንያ ንብረት በመሆኑ የመንገደኞቹ ባቡር ለጭነቶቹ ቅድሚያ እየሰጠ ይጓዛል፤ ስለዚህ ኤድመንተን የደረስነው ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይተን፣ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይጠብቀናል ብዬ እየተጨነቅሁ ስወርድ እህታችን ጣቢያው ውስጥ ቆማ አየኋት። ባቡሩ የት እንደ ደረሰ ቀኑን ሙሉ ስትከታተል ውላለች፤ ሆቴሉም ክፍላችንን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብን ቀድማ ደውላ አስጠብቃልናለች። «ይህ እኮ የተለመደ ነው፤ እኔ በሰዓቱ ይደርሳል ብዬም አልጠበቅሁ» ብላ የአባቴን ሻንጣ ተቀበለች። ያለፈውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ የሚረዳው።

በማግስቱ በሮኪ ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ወደ ጃስፐር ስንጓዝ፣ አባቴ በጾም ከ9 ሰዓት በፊት እህል እንደማይቀምሱ ስላወቀች ለምሳ እንቁም ወይም ብሉ የሚል ቃል አልወጣትም። ሰዓቱ ሲደርስ ከወንዝ ዳር አቁማ ከማቀዝቀዣ ሣጥኗ እንጀራ፣ ጎመንና ምስር ወጥ አወጣች፤ ወጡንም በትንሽ ምድጃ አሞቀችው። ስንበላ «አባባ፣ ይህ ምስር በባቡር ባለፉበት በሳስካችዋን የበቀለ ነው» አለቻቸው። ካናዳ ከዓለም አንደኛ የምስር ላኪ እንደሆነችና አብዛኛው ምስሯ በዚያ ሜዳ እንደሚበቅል ስትነግራቸው አባቴ ጉርሻቸውን ይዘው ለአፍታ ቆዩና «ታዲያ ለምን በትምህርት መጽሐፋችን ስንዴ ብቻ ጻፉልን?» አሉ።

በጃስፐር ከተማ በሐምሌ 2024 የደረሰው ሰደድ እሳት ከቤቶቿ ሲሶ ያህሉን አውድሟል። በተቃጠለው ደን ውስጥ ስናልፍ ስለ ጥዱ ፍሬና ስለ እሳቱ ሙቀት ለአባቴ አንድ ነገር አስረዳቻቸው፤ ፍሬው ሙጫው በእሳት ሲቀልጥ ተከፍቶ ዘሩን ይበትናል መሰለኝ፤ እኔ ግን በደንብ አልያዝኩትም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ሰፈር ስትደርስ ፎቶ እንዳናነሣ በጨዋነት ጠየቀችን።

ከሁሉም በላይ ላመሰግናት የምፈልገው ግን በአታባስካ የበረዶ ግግር ስላደረገችው ነገር ነው። ከጃስፐር እስከ ሌክ ሉዊዝ ያለው 232 ኪሎ ሜትር መንገድ በተራሮች መካከል ያልፋል፤ በአብዛኛው ስልክ አይሠራበትም፤ ነዳጅም የሚገኘው በመካከሉ አንድ ቦታ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ማለዳ የጭስ ካርታ የሚባል ነገር በስልኳ ስትመረምር ቆይታ «አሁኑኑ እንነሣ» አለችን። በምን እንዳወቀች አልጠየቅኋትም፤ ግግሩ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ሸለቆውን ጭስ ሸፈነው። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ግግሩ የሚወጣው የእግር መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገት ነው። በዳሩም ግግሩ በየዘመኑ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር የሚያሳዩ፣ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል፤ በ125 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። የአባቴን ጉልበት ስለማውቅ ከታች ሆነው አይተው እንመለሳለን ብዬ ነበር። እህታችን ግን ከመኪናው ኋላ ታጣፊ ወንበር አውጥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና «አባባ፣ በየምልክቱ እያረፍን እንወጣለን» አለቻቸው።

እንዳለችውም አደረገች። በየምልክቱ ወንበሩን ትዘረጋለች፤ አባቴ ይቀመጣሉ፤ ከዓመተ ምሕረቱ ሰባትም ስምንትም እየቀነሱ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱና ያን ጊዜ የት እንደነበሩ ይናገራሉ። እዚህ ላይ ገና አልተወለዱም፤ እዚህ ላይ የቄስ ተማሪ ናቸው፤ እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህር ሆነው ተመድበዋል፤ እዚህ ላይ እኔ ተወልጃለሁ። ስለ እኔ መወለድ ከእርሳቸው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ያን ዕለት ሰማሁ፤ እርሱን ግን ለራሴ ላቆየው። እርሷም ሰዓቷን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ፣ እንደ ተማሪ እየጠየቀች ታዳምጣቸው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ለመነሣት ሲጣደፉ «አባባ ይረፉ፤ በረዶው የትም አይሄድብንም» ብትላቸው «እየሄደ ነው እንጂ ልጄ፤ ምልክቱን አላነበብሽም?» ብለው ሦስታችንም መንገደኛው እስኪያየን ድረስ ሣቅን።

ላይ ስንደርስ አባቴ በከዘራቸው እያመለከቱ ግግሩ ከሚወርድበት ከዚህ ከኮሎምቢያ የበረዶ ሜዳ የሚቀልጠው ውሃ ወደ ሦስት ውቅያኖሶች እንደሚፈስ አስረዱን፤ በኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ፓስፊክ፣ በአታባስካ በኩል ወደ አርክቲክ፣ በሰሜን ሳስካችዋን ወንዝ በኩል ደግሞ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤና ወደ አትላንቲክ። እህታችን ይህን ለስንት ቤተሰብ እንደተናገረችው እግዜር ይወቀው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማች ሆና ጸጥ ብላ አዳመጠች። በኋላ ለብቻዋ ስጠይቃት «መምህር ሲያስተምር ዝም ነው የሚባለው» አለችኝ። እኔ በዚህ አገር ስንት አገልግሎት ከፍዬ አግኝቻለሁ፤ አባቴን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

የሞሬይን ሐይቅንም አየነው። በፓርኩ አውቶቡስ ቦታ የሚያዘው በውድድር ነው፤ እርሷ ግን ቀደም ብላ ይዛልን ነበር። ለአማቴ ፎቶውን ስልክላቸው ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ምንም ሳልጽፍ ላክሁት። ከባንፍ በታች መንገድ ዳር ድብ አይተን መኪና ሁሉ ሲቆምና ሰዉ ሲወርድ፣ እርሷ በሩን ሳትከፍት ከድብ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ እንደሚገባ አስረድታ ቀስ ብላ አለፈች። የመጨረሻው ጉዟችን ከካልጋሪ በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለችው ድራምሄለር ነበር። ከተራራው አገር ወጥቶ ወደዚያ ደረቅና ሸንተረራማ ሸለቆ መግባት ሌላ አገር የተገባ ያህል ነው፤ በሮያል ታይረል ሙዚየምም የዳይኖሰሮቹን አጥንት ያዩት አባቴ «እኛ ድንቅነሽን አሮጊት እንላታለን፤ ገና ልጅ ኖራለች» አሉ።

ሙገሳዬ አድልዎ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እህታችን ማለዳ ታስነሣለች፤ መተኛት የሚወድ ሰው ይህን አውቆ ይግባ። በተረፈ ዋጋዋ ከትልልቆቹ ድርጅቶች እምብዛም አይለይም፤ ርካሽ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ነገር ግን ያላሰባችሁትን አንድ ሳንቲም እንኳ አታስከፍልም፤ የተናገረችውን ሁሉ ትፈጽማለች፤ ወላጆቻችሁንም እንደ ወላጆቿ ትይዛለች። ደውሉላት፤ ለዘመድ ወዳጅም ንገሩ።

የምትሠራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ ነው፤ በቀሪዎቹ ወራት የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ስለዚህ ለሚመጣው ሰመር የምታስቡ ከጥር በፊት ጻፉልኝ፤ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላት የወላጆቻችሁን ዕድሜ፣ የጉልበታቸውን ነገር፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ጾማቸውን አዘጋጅታችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።